ተርንኦቨር በአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የሚከታተሉ ሰዎች ስለ ተርንኦቨር ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበደው እንሄዳለን።

ተርንኦቨር ምንድን ነው?

አንድ ቡድን ወደ ቅርጫቱ ሳይወረውር ኳሱን ለተጋጣሚው ካስረከበ ተርንኦቨር ይቆጠርበታል። ፓሱ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል። ተጫዋቹ ድሪብል ሲያደርግ (ኳሱን ሲያነጥር) ተነጥቆ ሊሆን ይችላል። ኳሱ ከመስመር ሲወጣ፣ ትራቭሊንግ (ሳያነጥሩ ኳስ ይዞ መራመድ) ወይም ደብል ድሪብል (ማንጠር አቁሞ እንደገና መጀመር) ሲያዝ፣ አጥቂው ራሱ ፋውል ሲሠራም ያው ነው።

ሰዓትም ኳስ ያስወስዳል። የአሜሪካን ኮሌጅ ስፖርት በሚመራው በኤንሲኤኤ ሕግ ቡድኑ በ30 ሰከንድ ውስጥ ወርውሮ ኳሱ ሪሙን (የቅርጫቱን ቀለበት) መንካት አለበት። ከራሱ የሜዳ ክፍል በ10 ሰከንድ መውጣት አለበት። ከውጭ ኳስ የሚያስገባው ተጫዋች ያለው ጊዜ ደግሞ 5 ሰከንድ ብቻ ነው።

የተሳተ ወይም ብሎክ የተደረገ (ሲወረወር በተከላካይ የተመታ) ኳስስ?

ተርንኦቨር አይባልም። ሁለቱም እንደ ውርወራ ሙከራ ነው የሚመዘገቡት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የተሳተን ኳስ ራሱ አጥቂው ቡድን በሪባውንድ፣ ማለትም ከቅርጫቱ ነጥሮ ሲመለስ በመያዝ፣ መልሶ ሊያገኘው ይችላል። በተርንኦቨር ግን ተራው እዚያው አበቃ።

ተርንኦቨሩ በማን ስም ይመዘገባል?

አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ባበላሸው ተጫዋች ስም። ጥሩ ፓስ ደርሶት ከእጁ ያመለጠው ተቀባይ ከሆነ የሚመዘገበው በተቀባዩ ነው፤ ፓሱ መጥፎ ከሆነ በሰጪው። ይህን የሚወስነው መዝጋቢው ነው፤ ስለዚህ አንዳንዴ ያከራክራል። የ30 ሰከንዱ ሰዓት ሲያልቅ ግን ጥፋቱ የማንም ግለሰብ ስላልሆነ በቡድኑ ስም ይያዛል።

አንድ ተርንኦቨር ስንት ነጥብ ያስከፍላል?

በወንዶች ዲቪዚዮን አንድ (ከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ) ቡድኖች በአንድ የማጥቃት ተራ በአማካይ ከ1 ነጥብ ጥቂት ከፍ ያለ ያገኛሉ። ያ አማካይ ግን የተበላሹትን ተራዎችም ይጨምራል። የተበላሹትን አውጥተን ኳሱ ያልባከነባቸውን ብቻ ካየን፣ አንድ ተራ 1.2 ነጥብ ገደማ ዋጋ አለው። ተርንኦቨር የሠራ ቡድን መጀመሪያ የሚያጣው ይህን ነው።

በቁጥር እንየው። ሁለት ቡድኖች እያንዳንዳቸው 70 ተራ አገኙ እንበል። አንዱ 10 ጊዜ አበላሸ፣ ሌላው 16 ጊዜ። የስድስት ተራ ልዩነት አለ። ስድስቱን በ1.2 ብናባዛ 7 ነጥብ ገደማ ይመጣል። በኮሌጅ ደረጃ ስንቱ ጨዋታ በ7 ነጥብና ከዚያ ባነሰ ልዩነት እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው፣ አሰልጣኞች ስለ አንዲት ፓስ ለምን እንደዚያ እንደሚጮሁ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ተጋጣሚው በተነጠቀው ኳስ ሮጦ የሚያገባውን አይጨምርም። እሱ ከታች ይመጣል።

ተርንኦቨር ከሳተ ኳስ ይብሳል?

አዎ፣ ይብሳል። አጥቂው ቡድን ከሚስታቸው አስር ኳሶች ሦስት ያህሉን በሪባውንድ መልሶ ያገኛቸዋል። ያ ሁለተኛ ዕድል ብዙ ጊዜ ከቅርጫቱ ሥር ስለሚገኝ ጥሩ ዕድል ነው። ከተርንኦቨር በኋላ ሁለተኛ ዕድል የለም። በዚያ ላይ ኳስ ወርውረህ ስትስት ጓደኞችህ ወደ ኋላ ለመመለስ ጊዜ አላቸው። ኳስ ስትነጠቅ ግን ሁሉም ፊታቸውን ወደ ተጋጣሚው ቅርጫት አዙረው ነው የሚያዙት።

ስለዚህ የ30 ሰከንዱ ሰዓት ሊያልቅ ሲል የሚወረወር አስቀያሚ ኳስ የሚመስለውን ያህል መጥፎ አይደለም። በሦስት ሰው መሃል ከሚጨመር ፓስ ይሻላል።

በአንድ ጨዋታ ስንት ተርንኦቨር ብዙ ይባላል?

በወንዶች ዲቪዚዮን አንድ 12 አካባቢ የተለመደ ነው። ከ10 በታች ጥሩ ነው። ከ15 በላይ ከሆነ ቡድኑ በሌላ ነገር፣ በተለይ በሪባውንድ ወይም በሦስት ነጥብ ኳስ ካላካካሰ በስተቀር ይቸገራል። በሴቶቹ በኩል ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል።

ይህን መልስ ለጥድፊያ ያዙት እንጂ አትመኑበት። ምክንያቱ ቀጥሎ አለ።

ታዲያ ብዛቱን መቁጠር ለምን ያሳስታል?

ሁሉም ቡድን እኩል ተራ ስለማያገኝ ነው። ቀስ ብሎ የሚጫወት ቡድን በአንድ ጨዋታ 60 ተራ ሊኖረው ይችላል። የሚሮጥ ቡድን 75። የመጀመሪያው 12 ጊዜ ቢያበላሽ ከተራዎቹ 20 በመቶ አባከነ ማለት ነው። ሁለተኛው 13 ጊዜ ቢያበላሽ ግን 17 በመቶ ገደማ ብቻ። በውጤት ወረቀቱ ላይ 12 ከ13 ያንሳል። በእውነቱ ኳስ አያያዙ የተሻለው 13 ያለው ነው።

ተራ በቀጥታ አይመዘገብም፤ ከሌሎች ቁጥሮች ይሰላል። የውርወራ ሙከራዎችን ይያዙ። የማጥቃት ሪባውንዶችን ይቀንሱ። ተርንኦቨሮችን ይደምሩ። በመጨረሻ የነፃ ውርወራዎችን ቁጥር በ0.475 አባዝተው ይጨምሩ። ይህን የነፃ ውርወራ ማባዣ ለኮሌጅ ጨዋታ የሚጠቀምበት ታዋቂው ተንታኝ ኬን ፖምሮይ ነው። ለምሳሌ አንድ ቡድን 58 ጊዜ ወርውሮ፣ 9 የማጥቃት ሪባውንድ ይዞ፣ 12 ጊዜ አበላሽቶ፣ 20 ነፃ ውርወራ ካገኘ ስሌቱ 58 ሲቀነስ 9፣ ሲደመር 12፣ ሲደመር 9.5 ይሆናል። ውጤቱ 70.5 ተራ ነው። 12ቱን ለዚህ ስናካፍል 17 በመቶ እናገኛለን። ይህ በዲቪዚዮን አንድ መካከለኛ የሚባል ነው።

እኔ የውጤት ወረቀት ሳይ ከነጥቡ ቀጥሎ የማሰላው ይህንን ነው። ስልክ ላይ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ጨዋታውን ግን ሌላ ያደርገዋል።

የኮሌጁ ሕግ ከእኛ አገር ጨዋታ በምን ይለያል?

በኢትዮጵያ የሚሠራበት ዓለም አቀፉ የፊባ ሕግ ነው። በፊባ ለማጥቃት የሚሰጠው 24 ሰከንድ ሲሆን፣ ከራስ ሜዳ ለመውጣት 8 ሰከንድ ነው። በአሜሪካ ኮሌጅ 30 እና 10 ነው። የኮሌጁ ሰዓት ድሮ ከዚህም ይረዝም ነበር። ወንዶቹ በ1985 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በተጀመረው የውድድር ዓመት 45 ሰከንድ ተሰጣቸው፣ በ1993 ወደ 35፣ በ2015 ወደ 30 ወረደ። ሴቶቹ ግን ከወንዶቹ ብዙ ቀድመው በ30 ሰከንድ ይጫወቱ ነበር። የ10 ሰከንዱ ደንብ ደግሞ ለሴቶች የመጣው በ2013 ነው።

ሰዓቱ ረዘም ማለቱ ለኳስ ያዡ ትዕግሥት ይሰጠዋል። ለተከላካዩም ግን ወጥመድ ለመዘርጋት ጊዜ ይሰጠዋል።

ሁሉም ተርንኦቨር እኩል ይጎዳል?

አይ። እንደ እኔ እምነት ስለ ተርንኦቨር አንድ ነገር ብቻ መያዝ ካለብዎ ይህን ይያዙ። ኳስ ከሜዳ ወጥቶ ጨዋታው ሲቆም የሚደርሰው ጉዳት አንድ ነው። ኳሱ በእንቅስቃሴ ላይ እያለ ሲነጠቅ የሚደርሰው ጉዳት ሌላ ነው። በመጀመሪያው ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ ቡድንዎ ወደ ኋላ ተመልሶ ይደራጃል፣ ተጋጣሚው ከዜሮ ይጀምራል። በሁለተኛው ተጋጣሚው ባዶ ሜዳ ላይ ሮጦ ከቅርጫቱ ሥር ያገባል። ራስዎ ልታገቡ የነበረው ጠፋ፣ በእናንተ ላይም ተቆጠረ። የሦስትና የአራት ነጥብ ልዩነት በአንድ ስህተት የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

በኮሌጅ ጨዋታ ከተርንኦቨሮቹ ግማሽ ያህሉ ከንጥቂያ የሚመጡ ናቸው። ሁለት ቡድኖች እኩል 14 ጊዜ አበላሽተው፣ አንዱ ከ14ቱ 4 ጊዜ ብቻ ተነጥቆ ሌላው 10 ጊዜ ከተነጠቀ፣ ያሳለፉት ምሽት ፍጹም የተለያየ ነው። ስለዚህ ከተርንኦቨሩ ጎን የተጋጣሚውን ስቲል (የነጠቀውን ኳስ ብዛት) ይመልከቱ። በተርንኦቨር የተገኙ ነጥቦች የሚለው መስመርም ካለ እሱንም ይዩት።

አሰልጣኞች መተላለፊያው ተጨናንቆ ከሆነ ኳሱን ከመስመር ውጭ ለተመልካች ስጡ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ተርንኦቨር ነው፣ ግን ርካሹ ዓይነት ነው።

በጨዋታ መጨረሻ ላይ ለምን ይበዛል?

የሚመራው ቡድን ኳስ ለማቆየት ይሞክራል፤ ከኋላ ያለው ቡድን ደግሞ የሚያጣው ነገር ስለሌለ ሁሉንም ተጫዋቹን ኳሱ ላይ ያፈስሳል። ሜዳው ይጠባል። በተለይ ኳስ ከውጭ ማስገባት ከባድ ይሆናል፤ አስገቢው 5 ሰከንድ ብቻ አለው፣ ተቀባዮቹ ሁሉ ታንቀዋል።

መጋቢት 2016 በአገር አቀፉ የኤንሲኤኤ ውድድር ኦክላሆማ ሲቲ ላይ ኖርዘርን አዮዋ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን በ12 ነጥብ እየመራ የቀረው 44 ሰከንድ ነበር። የማይቀለበስ መሪነት ይመስላል። ኖርዘርን አዮዋ ግን ኳስ ከውጭ ማስገባት አቃተው። ደጋግሞ ተነጠቀ፣ ደጋግሞ ገባበት። መደበኛው ሰዓት 71 ለ71 አለቀ። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ከሁለት ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ በኋላ 92 ለ88 አሸነፈ። በዚያ ደቂቃ የጠፋው ኳስ የማስገባት ዝግጅት እንጂ የመወርወር ችሎታ አልነበረም።

ሚያዝያ 2025 የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ሂውስተን በሳን አንቶኒዮ በዚያው ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ዱክን ገጠመ። ጨዋታው ሊያልቅ 35 ሰከንድ ገደማ ሲቀረው ዱክ በ6 ነጥብ ይመራ ነበር። ሂውስተን ሦስት ነጥብ አገባ፤ ዱክ ከውጭ ያስገባውን ኳስ ወዲያው ነጠቀ፤ የተከተለውን ውርወራ ቢስትም ጆሴፍ ተግለር ሪባውንዱን አንስቶ በዳንክ ከላይ አስገባው። ሂውስተን 70 ለ67 አሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላ በፍጻሜው ፍሎሪዳን ሲገጥም ነገሩ ተገለበጠ። ሂውስተን በሁለተኛው አጋማሽ 12 ነጥብ ድረስ መርቶ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ተራዎቹ ግን አንድም ኳስ ወደ ቅርጫቱ ሳይወረውር ቀረ። በመጀመሪያው ኤማኑኤል ሻርፕ ኳሱ ከእጁ ተመትቶ ወጣበት። በመጨረሻው እሱው ሦስት ነጥብ ሊወረውር ተነሳ፣ የፍሎሪዳው ዋልተር ክሌይተን ዘሎ ደረሰበት፤ ሻርፕ አየር ላይ እያለ ኳሱን ለቀቀው። መልሶ ቢነካው ትራቭሊንግ ስለሚሆንበት ቆሞ ከማየት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ፍሎሪዳ 65 ለ63 ሻምፒዮን ሆነ።

ያን ሻርፕን አይቼ እንደ ጥፋተኛ ልቆጥረው አልቻልኩም። ያደረገው ነገር ብሎክ ከመደረግ ለመትረፍ ነበር። ክሌይተን ነው ያንን ተርንኦቨር ያመጣበት።

አንድ ስህተት ተጫዋቹን ለዘለዓለም ያበላሸዋል?

የጆርጅታውኑን ፍሬድ ብራውን ታሪክ ይስሙ። በዋሽንግተን የሚኖሩ አንባቢዎች ዩኒቨርሲቲውን በደንብ ያውቁታል። በ1982ቱ የኤንሲኤኤ ውድድር የፍጻሜ ጨዋታ ጆርጅታውን በኖርዝ ካሮላይና በአንድ ነጥብ እየተመራ ኳስ ያዘ፤ ጥቂት ሰከንዶች ቀርተዋል። ያቺን መሪ ቅርጫት ያገባው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው ማይክል ጆርዳን ነበር። ብራውን ጓደኛው የመሰለውን ሰው አይቶ ፓስ ሰጠ። ሰውየው የኖርዝ ካሮላይናው ጄምስ ወርዚ ነበር። ጆርጅታውን 63 ለ62 ተሸነፈ።

አሰልጣኙ ጆን ቶምሰን ሜዳው ላይ ብራውንን አቀፉት። በ1984 ጆርጅታውን ሂውስተንን 84 ለ75 አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሳ ብራውን ያው ቡድን ውስጥ ነበር፤ ቶምሰን ደግመው አቀፉት። ቶምሰን በዚያ ድል የዲቪዚዮን አንድ ወንዶች ዋንጫ ያነሱ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ሆኑ። ልጆቻቸው ኳስ ለሚጫወቱ ወላጆች ይህን ታሪክ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። በስህተቱ ቀን የተሰደበ ልጅ በሚቀጥለው ጨዋታ ፓስ መስጠት ይፈራል፤ የፈራ ፓስ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፣ ቀርፋፋ ፓስ ይጠለፋል።

ብዙ ተርንኦቨር ያለው ተጫዋች መጥፎ ተጫዋች ነው?

ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ኳሱ ሁልጊዜ በእጁ ያለ ተጫዋች ብዙ ያበላሻል። በ2017 በተጀመረው ዓመት የኦክላሆማው ትሬይ ያንግ በአገሪቱ በነጥብም በአሲስትም (ጓደኛ ባገባበት ፓስ) አንደኛ ሆነ፤ 27.4 ነጥብና 8.7 አሲስት በጨዋታ። ሁለቱን በአንድ ዓመት የመራ ከእሱ በፊት አልነበረም። ተርንኦቨሩ ደግሞ 5.2 ነበር። የአዮዋዋ ኬትሊን ክላርክም በመጨረሻ ዓመቷ 31.6 ነጥብና 8.9 አሲስት እያስመዘገበች በጨዋታ 4.7 ጊዜ ታበላሽ ነበር። ቡድኗ ለፍጻሜ ደረሰ።

አሲስትን ለተርንኦቨር ማካፈል የተለመደ መለኪያ ነው፤ ለፖይንት ጋርድ (ኳስ ለሚያመጣውና ለሚያከፋፍለው ተጫዋች) ከ2 በላይ ከሆነ ጥሩ ይባላል። ግን ጉድለት አለበት። አሲስት የሚቆጠረው ጓደኛህ ካገባ ብቻ ነው። ወርዋሪ በሌለው ቡድን ውስጥ ያለ ጋርድ የቱንም ያህል ድንቅ ፓስ ቢሰጥ ቁጥሩ አያምርም። ለረጃጅሞቹ የመሃል ተጫዋቾች ደግሞ መለኪያው ጭራሽ ትርጉም የለውም።

ፕሬስ የሚያደርጉ ቡድኖች ለምን ሁልጊዜ አያሸንፉም?

ሙሉ ሜዳ ፕሬስ፣ ማለትም ተጋጣሚን በሜዳው ሁሉ እየተከታተሉ ማስጨነቅ፣ ውርርድ ነው። የአርካንሶው አሰልጣኝ ኖላን ሪቻርድሰን ተጋጣሚን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማሳደድን መለያቸው አድርገውት ነበር፤ አርባ ደቂቃ ሲኦል ተብሎም ተጠራ። በ1994 ዱክን 76 ለ72 አሸንፈው ዋንጫ አነሱ። ፕሬዚዳንት ክሊንተንም የትውልድ ግዛታቸውን የአርካንሶን ልጆች ሊያዩ ስታዲየም ተገኝተው ነበር። ከዚያ በኋላ የአሰልጣኝ ሻካ ስማርት ቪሲዩና የአሰልጣኝ ቦብ ሃጊንስ ዌስት ቨርጂንያ በዚሁ መንገድ ስም አወጡ።

ሒሳቡ ግን ሁለት ወገን አለው። ፕሬስ ከተሰበረ ተጋጣሚው ሦስት ለሁለት ወይም ሁለት ለአንድ ሆኖ ይመጣል። ፋውል ይበዛል፣ ሰው ይደክማል፣ ስለዚህ ዘጠኝና አስር ተጫዋች ማፈራረቅ ያስፈልጋል። በ2018 ዌስት ቨርጂንያ ቪላኖቫን ሲገጥም ያጋጠመው ይህ ነው። ጄለን ብራንሰን የሚመራው ቪላኖቫ ጫናውን ተቋቁሞ 90 ለ78 አሸነፈ፤ ዋንጫውንም ወሰደ። ሁለት የማይደናገጡ ኳስ ያዦች ባሉበት ቡድን ላይ ፕሬስ ስጦታ ይሆናል።

ትንሽ ያበላሸ ቡድን ሁልጊዜ ያሸንፋል?

አያሸንፍም። ዲን ኦሊቨር የተባለው ተንታኝ ጨዋታን የሚወስኑ አራት ነገሮችን ሲመዝን ለውርወራ 40 በመቶ፣ ለተርንኦቨር 25፣ ለሪባውንድ 20፣ ለነፃ ውርወራ 15 ሰጥቷል። ተርንኦቨር ሁለተኛ ነው። ኳሱ ካልገባ ኳስ መጠበቅ ብቻውን አያድንም።

በ2018 ቨርጂንያ ከሁሉም ቀዳሚ ተብሎ ወደ ውድድሩ የገባ፣ በእርጋታውና በኳስ አጠባበቁ የተመሰገነ ቡድን ነበር። የመጨረሻውን ማለትም 16ኛ ደረጃ የተሰጠው ዩኤምቢሲ 74 ለ54 ረታው። በወንዶች ውድድር 16ኛ ቡድን አንደኛውን ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር። እረፍት ላይ 21 እኩል ነበሩ። ከዚያ ዩኤምቢሲ የሦስት ነጥብ ኳሶቹን ያገባ ጀመር፣ ቨርጂንያ ይስት ጀመር። ቀስ ብሎ የሚጫወት ቡድን ከኋላ ሲሆን የሚቀረው ተራ ጥቂት ነው። ያው ቨርጂንያ ያንኑ አጨዋወት ይዞ በ2019 ሻምፒዮን ሆነ።

ተርንኦቨር በጣም ማነሱስ ችግር ሊሆን ይችላል?

ሊሆን ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያምንም። ኳስ ፈጽሞ የማያበላሽ ቡድን አንዳንዴ ምንም የማይሞክር ቡድን ነው። ወደ መሃል ፓስ አይሰጥም፣ ወደ ቅርጫቱ አይነዳም፣ በዙሪያው ኳስ ሲቀባበል ቆይቶ በተከላካይ ፊት ከሩቅ ይወረውራል።

ለማየት ሁለት ቁጥሮችን አብረው ያስቀምጡ። አንድ ቡድን ከተራዎቹ 12 በመቶ ብቻ አበላሽቶ በአንድ ተራ 0.95 ነጥብ ካገኘ፣ ችግሩ ፍርሃት ወይም የወርዋሪ እጥረት ነው። ሌላው 18 በመቶ አበላሽቶ 1.15 ካገኘ፣ የሚያበላሸው ደፋር ስለሆነ ነው፤ አሰልጣኙ ሊነካው አይገባም።

የምደግፈው ቡድን በድንገት ኳስ ማባከን ጀመረ። ምን ልመልከት?

መጀመሪያ ተጋጣሚዎቹን። ሦስት ፕሬስ የሚያደርጉ ቡድኖችን በተከታታይ ገጥሞ ከሆነ በቁጥሩ አይደንግጡ። ቀጥሎ በመቶኛው መጨመሩን ያረጋግጡ፤ ጨዋታው ፈጥኖ ብዛቱ ብቻ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የተጋጣሚዎቹን ስቲል ይዩ። ስቲሉ ሳይጨምር ተርንኦቨሩ ከጨመረ ቡድኑ በራሱ ነው የሚያበላሸው፦ ትራቭሊንግ፣ ማንም ወደሌለበት የሚሄድ ፓስ፣ የማጥቃት ፋውል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በልምምድ ይስተካከላል። ተቀባዩ ቆሞ ከመጠበቅ ወደ ኳሱ እንዲመጣ፣ ኳስ ያዡ በሁለት እግሩ ቆሞ እንዲመለከት፣ ከፓስ በፊት ተከላካዩን እንዲያታልል ይደረጋል።

ስቲሉ ከጨመረ ግን ማን ኳስ እያመጣ እንደሆነ ይዩ። ዋናው ፖይንት ጋርድ ተጎድቶ ሁለተኛው በእሱ ቦታ ገብቶ ይሆናል። ተከላካዮች ያንን ልጅ ቀድመው ለይተውታል፤ በየጨዋታው ሁለት ሰው ይልኩበታል። ያኔ ከልጁ ብቻ አይጠበቅም፤ አሰልጣኙ ኳስ የሚያመጣ ሌላ ሰው ከጎኑ ማቆም አለበት።